«አልወለድም» ያለው ሕፃንና የደብሊኑ አለቃ

መጽሐፉ ሽፋን አልነበረውም። ፊቱና ጀርባው የስሚንቶ ከረጢት ወረቀት ለብሶ በወስፌና በማዳበሪያ ጆንያ ክር ተጠርዟል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጥግ በብዙ ጣት ወዝቶ ጠቁሯል። እዚህም እዚያም አንድ የማላውቀው ሰው በእርሳስ አስምሮበታል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይማ እርሳሱ ወረቀቱን በስቶታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወሎ ውስጥ መካነ ሰላም የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህራችን «እስከ ሰኞ ብቻ» ብሎ አዋሰኝ። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤታችን ወደ ማሻ ስሄድ ከደብተሮቼ መካከል ሸጉጬ ይዤው ሄድኩ። የሚከለክለኝ አልነበረም፤ መጽሐፉን ያገደው መንግሥት ከወደቀ ሩብ ምዕተ ዓመት ሆኖታል። መምህራችን ሲሰጠኝ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበርና እኔም ሳላስበው ደበቅኩት። ፍርሃቱም ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲዋስ የኖረ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ማታ በኩራዝ ብርሃን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ እናት እሳት ሊጭሩ መጥተው ቡና ተብሎ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ሰፌድ አድርገው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ፊደል አልቆጠሩም። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሕፃን ከእናቱ ማኅፀን ሆኖ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ማለት ሲጀምር እጃቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝና «ማን ነው እሱ?» አሉ።

«ገና ያልተወለደ ልጅ ነው» አልኳቸው።

ወደ ሰፌዱ አቀረቀሩ፤ ባቄላው ግን አልተፈለፈለም። «በል ቀጥል» አሉኝ።

መጽሐፉ የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ነው። የታተመው በ1955 ዓ.ም. ነው። ከታኅሣሡ የ1953 መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ገና ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የሙከራው መሪዎች የመንግሥቱና የገርማሜ ንዋይ ስም በሹክሹክታ የሚነሳበት፣ ቤተ መንግሥቱም ጥላውን የሚጠራጠርበት ጊዜ። በዚያ ሰዓት አንድ ደራሲ ብድግ ብሎ፣ አገሪቱ ለመወለድ እንኳ የማትመች ሆናለች የሚል ልጅ ፈጠረ። መጽሐፉ ታገደ። ደራሲውም ኢሉባቦር ጎሬ ድረስ ተግዞ ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጠ።

ስለ አቤ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ድፍረቱ ነው። ድፍረቱማ የሚካድ አይደለም። እኔ ግን ድፍረቱ ብቻ ሲወራ ቅር ይለኛል። ደፋር ብዙ ነበር፤ ማኅፀን ውስጥ ገብቶ አገር መክሰስ ያሰበ ግን እሱ ነው። ያ የጥበብ ሥራ ነው፤ ጥበቡ ከየት እንደመጣና ምን ያህል እንደተራመደ ለማየት ደግሞ አንድ ሩቅ አገር ሰው አጠገቡ ማቆም ይጠቅማል።

ሰውየው ጆናታን ስዊፍት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1667 አየርላንድ ደብሊን ተወለደ፣ በ1745 እዚያው ሞተ። በልጅነታችን በሥዕል ያየነው፣ ድንክዬዎች በገመድ ጠፍረው መሬት ላይ ያጋደሙት ግዙፍ ሰው፣ ጉሊቨር፣ የእሱ ፈጠራ ነው። መጽሐፉ በ1726 ሲወጣ የስዊፍት ስም አልነበረበትም። ዛሬ የልጆች ተረት ሆኗል፤ ሲጻፍ ግን ነገሥታትን፣ ሹማምንትን፣ ጠበቆችንና ጦር ወዳዶችን የሚገርፍ ስላቅ ነበር። ለልጆች ተመርጦ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ የድንክዬዎቹና የግዙፎቹ አገር ጉዞ ነው። ባለ አእምሮ ፈረሶች ሰውን የመሰሉ አራዊትን የሚገዙበት አራተኛው ጉዞ ለአዋቂም ይከብዳል።

ስዊፍት ካህን ነበር። ከ1713 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የደብሊኑ ቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል አስተዳዳሪ ሆኖ ኖሯል፤ በእኛ አጠራር የደብር አለቃ ማለት ነው። ይህን ሳውቅ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። እሳቸውም የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ የአቋቋም ባለሙያ ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን ከሊቅነታቸው ይልቅ ምላሳቸውን ይዞ ቀረ። መቅደስ ውስጥ ያደገ አንደበት ሲሳለቅ ለምን እንዲህ እንደሚሰላ ኋላ እመለስበታለሁ።

የዚያ ዘመን አየርላንድ በእንግሊዝ ሥር ነበረች። መሬቱ የባለርስት ነው፤ ብዙው ባለርስት ለንደን ተቀምጦ ግብሩን ይበላል፤ ገበሬው እርሻው ላይ ሆኖ ይራባል። ከ1727 እስከ 1729 ተከታታይ አዝመራ ከሸፈ። ደብሊን ጎዳና ላይ እናቶች ሦስት አራት ልጅ አስከትለው ይለምኑ ነበር። ስዊፍት በ1729 አንዲት አጭር ጽሑፍ አወጣ፤ ርእሷን «ትሑት ምክረ ሐሳብ» ብለን ልንመልሰው እንችላለን። ተራኪው አገሩን የሚወድ፣ ቁጥር የሚያውቅ፣ የተረጋጋ ሰው ነው። ይደምራል፣ ይቀንሳል። በየዓመቱ ከድሆች የሚወለዱት 120,000 ሕፃናት ናቸው ይላል፤ 20,000ው ለዘር ይቅሩ፣ የቀሩት 100,000 አንድ ዓመት ሲሞላቸው ለባለጸጎች ማዕድ ይሸጡ። ዋጋውን ይተምናል፣ የአበሳሰሉን ዓይነት ይዘረዝራል፣ ለአገር ኢኮኖሚ የሚያመጣውን ጥቅም በተራ ያስረዳል። አንድም ቦታ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

አንባቢውን የሚያስበረግገው ያ እርጋታ ነው። ስዊፍት «ባለርስቶች ሆይ፣ ድሃውን እየበላችሁት ነው» ብሎ ቢጮህ ማንም አይሰማውም ነበር፤ ሲጮህ ኖሯል፣ ሰሚም አላገኘም። ስለዚህ የእነሱን ቋንቋ፣ የእነሱን ሒሳብ፣ የእነሱን ጨዋነት ተዋሰና እስከ ጥጉ ወሰደው። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ አማርኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ ባዕድ አይሆንበትም። ሰሙ ምክረ ሐሳብ ነው፤ ወርቁ ክስ ነው።

እዚህ ላይ ነው ያ የማሻ ምሽት ተመልሶ የመጣብኝ። ሁለት ጸሐፊዎች፣ በ230 ዓመት ተራርቀው፣ በማይተዋወቁ ቋንቋዎች፣ የአገራቸውን በደል ለማሳየት ሲፈልጉ ሁለቱም እጃቸውን የሰደዱት ወደ ሕፃን ነው። ስዊፍት ሕፃኑን ሰሌዳ ላይ ያስተኛዋል፣ ድምፁንም ለበላተኛው ይሰጠዋል። አቤ ድምፁን ለሕፃኑ ሰጠ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የስዊፍት አንባቢ ነገሩን ገልብጦ ማንበብ አለበት፤ ያልገለበጠ ሰው ጽሑፉን የእብድ ሊያደርገው ይችላል። የአቤ አንባቢ የሚገለብጠው ነገር የለም። የሚናገረው ራሱ ተበዳዩ ነው፤ ያውም ገና በደሉ ያልደረሰበት ተበዳይ። ይህ ልጅ ርስት የለውም፣ ሹመት አይመኝም፣ ወገን አልለየም። «ቂም አለው» አይባል፣ «ሥልጣን ፈልጎ ነው» አይባል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር፣ መብላት የሚባለውን ነገር ገና ያልቀመሰ አንድ ፍጡር ቆሞ ይመሰክራል። የቀድሞ ሹመኛ፣ ካህን፣ ወታደር ወይም ተማሪ ተናጋሪ ቢሆን ኖሮ ሳንሱሩ የሚለጥፍበት ስም አያጣም ነበር። ለፅንስ የሚለጠፍ ስም የለም። ልጁን ማሰር ስላልተቻለ አባቱን፣ ደራሲውን፣ ወደ ጎሬ ላኩት።

ለነገሩ ሳይወለድ ታሪኩ የሚጀምር ገጸ ባሕርይ በዓለም ልቦለድ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ሌላው አየርላንድ የተወለደ ተሳላቂ፣ ሎረንስ ስተርን፣ እ.ኤ.አ. ከ1759 ጀምሮ በየቅጹ ባሳተመው ልቦለዱ ተራኪውን ከፅንሱ አስጀምሮ፣ እስከ ሦስተኛው ቅጽ ሳይወልደው ይቆያል። ያ ግን ለጨዋታ ነው፤ የስተርን ልጅ የሚዘገየው አባቱና አጎቱ ወሬ ስለሚያበዙ ነው። የአቤ ልጅ የሚዘገየው ፈርዶ ነው።

አቤ ይህን ሕፃን ያገኘው ከቅኔ ቤት ነው ብዬ አምናለሁ። በ1926 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ አቸፈር፣ ኮረንች አቦ በሚባል ቦታ ተወልዶ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በቤተ ክህነት ትምህርት አልፏል። ቅኔም ተምሯል። ይህን ነገር እዚህ እኛ ጋ ለመረዳት ብዙ ርቀት መሄድ አያስፈልግም። ሳይንት ውስጥ ተድባበ ማርያም አለች፤ ከጥንታውያኑ ደብሮች አንዷ። ስማቸው ከሚጠራው ሦስት የቅኔ ቤቶች አንዱ፣ ዋድላ፣ የወሎ ነው፤ ሁለቱ፣ ጎንጅና ዋሸራ፣ ከዓባይ ማዶ ጎጃም ናቸው። ዛሬ ከመካነ ሰላም ተነስቶ ዓባይን በድልድይ ተሻግሮ ጉንደ ወይን የሚያደርሰው መኪና መንገድ ሳይኖር፣ ደበሎ የለበሰ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ያንን ገደል ወርዶ ይወጣ ነበር፤ አንዱን ቤት ጨርሶ የሌላውን ለመቅመስ።

ቅኔ ተማሪ ምን እንደሚሠራ ያየ ሰው የአቤን አእምሮ በግማሽ ያውቀዋል። ማታ ከየኔታ የሰማውን ይዞ ያድራል። በነጋታው ከጓደኞቹ ተነጥሎ ጽድ ሥር ወይም መቃብር ቤት ጥግ ይቀመጣል። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ጣቶቹ ቤት ይቆጥራሉ። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይሞክራል፤ እያደር ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ሄዶ ለየኔታ ያሰማል። የኔታ የሚሰሙት ቃሉ ማማሩን ብቻ አይደለም፤ ሰሙ ሙሉ ታሪክ ነው ወይ? ወርቁስ ሰሙን ሳይቀደው ያልፋል ወይ? ሰሙ የተቀደደ ቅኔ ይጣላል። ወርቅ የሌለው ሰምም ይጣላል። ልጁ በአሥራዎቹ ዕድሜው፣ በባዶ ሆዱ፣ በየቀኑ ይህን ፈተና ይቀመጣል።

ይህ ትምህርት ሳይታወቅ የፖለቲካ ትምህርትም ነበር። ባለቅኔው በማኅሌት መካከል፣ ገዢው ፊት ለፊት ቆሞ እያለ፣ የአዳምን ወይም የጲላጦስን ታሪክ ሰም አድርጎ የገዢውን ግፍ ሊናገር ይችላል። የገባው ይገባዋል። ገዢው ከተቆጣ «ነገሩ እኔን ነው» ብሎ በራሱ ላይ መመስከሩ ነው። በእስልምናውም ወገን ይህ ጥበብ አለ፤ የወሎው ሼህ ሁሴን ጅብሪል ስለ ገዢዎችና ስለሚመጣው ዘመን በግጥም የተናገሩት እስከ ዛሬ በየቡናው የሚጠቀሰው በምሳሌና በስውር ስለተነገረ ነው። ሽሙጥ፣ አሽሙር፣ ምጸት፣ ተረብ፣ ለበጣ፣ ፌዝ፣ ስላቅ፤ ለዚህ አንድ ነገር ይህን ያህል ስም ያወጣ ሕዝብ ስላቅን ከውጭ አልተማረም። አቤ የጨመረው ሰሙን ከሁለት ቤት ወደ ሙሉ ልቦለድ ማሳደጉን ነው።

መንገዱን የጠረጉለትም ነበሩ። ሩሲያ ተምሮ የመጣው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው፣ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በሚለው ተውኔቱ እንስሳትን እያናገረ የሹማምንቱን ጠባይ አሳየ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደበት። አቤም «ጎብላንድ አጭበርባሪው ጦጣ» ብሎ ወደ እንስሳቱ ተመልሷል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻን እስካሁን ሳይ፣ ጸሐፊው ሳይሰድቡት፣ በራሱ ኩራት እንዲዋረድ እንዴት እንደለቀቁት ይገርመኛል። በጥበብ ብቻ ከተመዘነ ሐዲስ ከአቤ ይበልጣሉ፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

የአቤ ትልቁ ድክመት ሰሙን እስከ መጨረሻው አለመታገሡ ነው። ሕፃኑን አናግሮ፣ በግድ አስወልዶ፣ አሳድጎ ከገፊዎች ጋር ሲያጋፍጠው ንግግሩ ይረዝማል፤ ገጸ ባሕርይው ከሰውነት ወደ ሰባኪነት ያዘነብላል። የኔታ ቢሰሙት «ሰሙን ቀደድከው» የሚሉበት ብዙ ገጽ አለ። ስዊፍት ይህን አያደርግም፤ ጨካኙ ተራኪው እስከ መጨረሻው መስመር ጨዋ ሆኖ ይቆያል። ይሁን እንጂ ስዊፍት ያንን ምክረ ሐሳብ የጻፈው በጠገቡ ሰዎች መካከል ሆኖ ለጠገቡ ሰዎች ነበር። አቤ የሚጽፈው ማንበብ ገና ለጀመረ ሕዝብ፣ ነገሩ ሳይገባው እንዳይቀር እየሰጋ ነው። ስጋቱ ጥበቡን ጎድቶታል። ስለዚያ ስጋት ግን ሰውየውን ይበልጥ እወደዋለሁ።

ኑሮውም እንደዚያው ነበር። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ጋዜጠኛ ሆኖ ሠርቶ ሥራውን ለቀቀና በብዕሩ ብቻ ልኑር አለ። ደመወዝ የሌለው ደራሲ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ምን ማለት እንደነበር አስቡት፤ አንባቢው ጥቂት፣ ማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ፣ ሳንሱሩ በር ላይ የቆመ። ልቦለድ፣ ተውኔት፣ ግጥም፣ የተሰጠውን ሁሉ ጻፈ። ስለ ኮንጎው መሪ ስለ ፓትሪስ ሉሙምባ አሟሟት ተውኔት ጻፈ፤ በእንግሊዝኛ ሁለት ሥራ አሳተመ፤ አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በዓለም አቀፍ የደራሲያን ፕሮግራም ተጋብዞ ቆየ። በ1972 ዓ.ም. ሲሞት ገና 46 ዓመት ገደማው ነበር።

ከሥራዎቹ አንዱ እኛን በቀጥታ ይነካል። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የጻፈው ታሪካዊ ልቦለድ «አንድ ለናቱ» ይባላል፤ የንጉሡ ፍጻሜ ደግሞ መቅደላ ነው፣ ከዚህ ከደጋችን ራቅ ብሎ የሚታየው አምባ። ርእሱን ልብ በሉ። ዘውድ የጫነውን፣ መድፍ ያሠራውን ንጉሥ አቤ የሚጠራው በእናቱ ነው። በአንዱ መጽሐፍ ፅንስ ከእናቱ ይከራከራል፤ በሌላው ንጉሠ ነገሥት የእናቱ ብቸኛ ልጅ ሆኖ ይታያል። ይህ ሰው ስለ ሥልጣን ባሰበ ቁጥር ዓይኑ ከዙፋኑ ወርዶ ማኅፀን ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ ከስዊፍት ሕይወት አንድ ነገር ማንሳት ግድ ይለኛል። ዊልያም ዉድ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1722 ለአየርላንድ የመዳብ ሳንቲም የመቅረጽ ፈቃድ ከእንግሊዝ ዘውድ አገኘ። ሕዝቡ ገንዘቡ ዋጋ ቢስ ይሆንብናል ብሎ ተቆጣ። ስዊፍት በ1724 የጨርቅ ነጋዴ ስም ይዞ ተከታታይ ደብዳቤዎች አሳተመ፤ ባለ ሱቁም ገበሬውም በሚገባው ተራ ቋንቋ ሳንቲሙን አትቀበሉ አለ። መንግሥት ጸሐፊውን ለጠቆመ 300 ፓውንድ ሽልማት አቀረበ። አሳታሚው ጆን ሃርዲንግ ታሰረ። ደብሊን ውስጥ የጨርቅ ነጋዴው ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም ይባላል፤ አንድም ጠቋሚ ግን አልተገኘም። ክስ እንዲመሠርት የተጠራው ሸንጎም እምቢ አለ። በዓመቱ ፈቃዱ ተሰረዘ። ስዊፍት በአልጋው ላይ ሞተ፤ ሀብቱን ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ማሠሪያ ተናዘዘ፣ ሆስፒታሉም እስከ ዛሬ ደብሊን ውስጥ ይሠራል።

የእኛዎቹ ተሳላቂዎች አልጋ አልነበራቸውም። አቤ ተጋዘ። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበረው በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ ሆኖ ያየ ሰው የጻፈው ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራ ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የደብሊን ሰው ጠቋሚ ባለመሆን ጸሐፊውን አዳነ። የእኛ ሰው ደራሲውን ማዳን ባይችል መጽሐፉን አድኗል፤ በድብቅ እየተቀባበለ፣ እየገለበጠ፣ የስሚንቶ ወረቀት እያለበሰ። ያ በማዳበሪያ ክር የተሰፋ ቅጂ እጄ የገባው እንዲህ ነው። ስንት ሰው ስንት ሌሊት ቢያሳልፍበት ነው ገጹ እንደዚያ የጠቆረው?

አየርላንድና ወሎ ደግሞ ከብዕር ሌላም የሚያገናኛቸው አለ፤ ረሃብ። ስዊፍት ካለፈ ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ፣ የአየርላንድ ድንች በበሽታ ተመታ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደደ። በእነዚያው ዓመታት እህልና ከብት ወደ እንግሊዝ መጫኑ አልቆመም። ጨዋው ተራኪ የተናገረው ሒሳብ፣ ልጆች ሳይቀሩ ለሌላው ማዕድ የሚውሉበት ሒሳብ፣ ወደብ ላይ በዓይን ታየ።

እኛስ? በ1965 እና በ1966 ወሎ ስታልቅ መንግሥት ዝም አለ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሳው ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱን ከማውረዱ በፊት፣ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየ። ያ ራሱን የቻለ የመንግሥት ስላቅ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977፣ ያው ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የፓርቲውን የኢሠፓን ምሥረታ በአበባና በሰልፍ ሲያከብር ወሎ እንደገና ወደ መንገድ ወጥታ ነበር። አቤ በሕይወት ቢኖር ምን ይጽፍ እንደነበር አስባለሁ። የዚያን ጊዜ ከመጡልን አንዱ ኮንሰርን የተባለው የአየርላንድ የእርዳታ ድርጅት ነው፤ በ1966ቱ ረሃብ ነው መጀመሪያ አገራችን የገባው። ያን ጊዜ የወሎ አካል ከነበረችው ከኮረም የተላለፈውን ዘገባ አይቶ ዘፋኞችን ያሰባሰበው ቦብ ጌልዶፍም አየርላንዳዊ ነው። አያቶቻቸው በረሃብ ያለቁባቸው ልጆች የሌላውን ረሃብ በደንብ ያውቁታል።

እንግዲህ መካነ ሰላም ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለባት ከተማ ናት። ያኔ እኛ አንድ መጽሐፍ እስከ ሰኞ ተውሰን የምናነብበት አገር ነበረች። የአማርኛ ትምህርት ላይ «አልወለድም» ሲነሳ በአንድ መስመር፣ «በዐፄው ዘመን የታገደ መጽሐፍ» ተብሎ እንዳያልፍ እፈልጋለሁ። ከአጠገቡ የስዊፍት ጽሑፍ ተተርጉሞ ይቀመጥ። ተማሪው ሁለቱን ጎን ለጎን ያንብብ፤ ሰም የት እንደተያዘ፣ የት እንደተቀደደ እንደ የኔታ ይመርምር። ከቅኔ ቤት አንድ መምህር ተጋብዘው ሰሙንና ወርቁን ቢፈቱለት ደግሞ እሰየው ነው።

ወደዚያ ምሽት ልመለስ። ምዕራፉን ጨርሼ ቀና ስል ጎረቤታችን ሰፌዱን መሬት አውርደውታል። «እኔም ብዬዋለሁ» አሉ፣ ወደ እሳቱ እያዩ። «ምን?» አልኳቸው። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ለጋምቦ ነበሩ፤ በልጉም ከድቶ፣ ገብሱ አፈር ላይ ቀርቶ፣ ባለቤታቸው እህል ፍለጋ ወጥቶ። ነፍሰ ጡር ነበሩ። «ማታ ማታ ሆዴን ይዤ፣ ልጄ፣ አትምጣ፣ ዘንድሮ አትምጣ እለው ነበር» አሉ። «አላህ ይቅር ይበለኝ።» እናቴ ስኒውን ይዛ ቀረች። ማንም ምንም አላለም።

ትንሽ ቆይተው ወደ መጽሐፉ ጠቆሙኝ።

«ያኛውስ? ተወለደ?»

ወደፊት ገልጬ አይቼ ነበርና «ተወለደ» አልኳቸው።

«እናቱስ?» አሉኝ።

ኩራዙን አቀረብኩና ማንበቤን ቀጠልኩ።